የፈረንጁ ሦስት ማዳበሪያ

ጉዳዩ የግማሽ ሚሊዮን ብር ነበር።

አንድ የውጭ ድርጅት ለሠራተኞቹ ማደሪያ፣ ቆቦ ላይ አንድ ፔንሲዮን በሙሉ ለዓመት ሊከራይ ነው ተባለ። ንጽሕናውንም አስቀድሞ በስውር ሰው ያስመረምራል ተባለ። ከዚያ ወሬ ወዲህ የፔንሲዮን ባለቤቱ አቶ ገዛኸኝ የሚገባውን እንግዳ ሁሉ ከጫማው እስከ ኮፍያው ይመዝኑ ጀመር። በአንድ አህያ ጨው ንግድ ጀምረው እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው፤ ሳይመዝኑ የሰጡት ነገር የለም።

ሉካስ የሚባል ፈረንጅ ከአላማጣ በመጣ ሚኒባስ ወርዶ ክፍል ያዘ። ወዲያው ወደ ባንክ ሄደ። ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ። ሲመለስ ፊቱ ቀልቶ ላቡ ይንቆረቆር ነበር።

“ለኪራዩ ሂሳብ ሊከፍት ነው” አሉ ገዛኸኝ ለሚስታቸው ለየሺ።

“የቆላው ሐሩር በልቶት ይሆናል እንጂ” አለች የሺ።

ማታውን ፈረንጁ በሰባራ አማርኛው “አባባ፣ የክፍል ገንዘብ...” ብሎ አንገቱን ደፋ።

“ኧረ በማርያም! እንግዳዬ ነህ። ገንዘብ የሚባል እንዳትጠራብኝ።”

የፈረንጁ ዓይን እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ያዙት።

“ትሕትናውን አየሽ?” አሉ ለየሺ። “ትልቅ ሰው እንዲህ ነው።”

በማግስቱ ፈረንጁ ከጓሮ፣ ከቆሻሻው ክምር ላይ ተገኘ። እጁን እስከ ክንዱ ከትቶ የላስቲክ ጠርሙሱን በአንድ ማዳበሪያ፣ ቆርቆሮውን በሌላ ይለያል። ፊቱን ዝንብ ወርሶታል።

የሺ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ደፈነች። “ሰው ሆኖ እንዲህ ያለ አላየሁም!”

“ዝም በይ። በአገራቸው ቆሻሻ በየዘሩ ካልተለየ አይጣልም። እየፈተነን ነው።”

ገዛኸኝ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡበት። ዳይፐሩን፣ ትል የወረሰውን አጥንት፣ የበሰበሰውን ልጣጭ በሦስተኛ ማዳበሪያ አጨቁ።

“ይሄንስ የት ላድርገው?”

ፈረንጁ ትከሻውን ሰበቀ። “ይሄ... እንደፈለጉ።”

ፈተና ነው ብለው የማዳበሪያውን አፍ አስረው ከግቢው ጥግ አቆሙት።

የሳርዲን ቆርቆሮ ሲያጥቡ ዘይቱ ክርናቸው ድረስ ወረደ። የከባድ መኪና ሾፌሮች አስፋልት ዳር የሚወረውሩትን ጠርሙስም ለቀሙ። አንዱን ሻይ መስሏቸው ከፍተው ሲደፉ ደረታቸው ላይ ተረጨ። ሻይ አልነበረም። ግድግዳ ተደግፈው አስመለሱ።

“ንጹሕ ጥሩ ነው፣ አባባ!” አላቸው ፈረንጁ፣ የታጠበውን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ አንሥቶ።

ከመንገዱ ማዶ ፔንሲዮን ያላት አስካለ በአጥሯ ላይ ብቅ አለች። “ጋሽ ገዛኸኝ፣ ደግሞ ቆራሌ ሆኑ?”

“ሳቂ! መጨረሻ ላይ ማን እንደሚስቅ እናያለን።”

ፈረንጁ በአጥሩ አሻግሮ የአስካለን የቆሻሻ ክምር በዓይኑ ሲቃኝ ገዛኸኝ አዩት።

“አስካለ፣ ያንቺንም ልንለየው ነው።”

“በነፃማ አላስገባም” አለች፣ ሳቋን እየዋጠች።

ሁለት መቶ ብር ቆጥረው ሰጧት። እስከ ማምሻው ጓሮዋን አንድ ፌስታል ሳያስቀሩ ጠረጉ፤ የሚሸተውንም ሁሉ ተሸክመው ወደራሳቸው ግቢ አመጡት። ያን ቀን የሺ መኝታቸውን ለየች።

ሲነጋ ፈረንጁ የለም። አልጋው ተነጥፏል። ጠርሙሱና ቆርቆሮው ከነማዳበሪያቸው ሄደዋል፤ የሚሸተው ብቻ ቀርቷል።

“ለአለቆቹ ማስረጃ ወስዶት ነው” አሉ ገዛኸኝ። ንጹሕ ጋቢ ለብሰው በር ላይ ተቀመጡ።

ረፋድ ላይ የድርጅቱ መኪና መጣ። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ ከገዛኸኝ በር ላይ ትንሽ ቆሙና አፍንጫቸውን ይዘው ወደ አስካለ ተሻገሩ። ሲወጡ ከአስካለ ጋር እየተጨባበጡ ነበር።

“አቤት ጓሮ!” አለ አንደኛው። “አንድ ላስቲክ አይታይበትም።”

ገዛኸኝ መንገዱን ሮጠው ተሻገሩ። “ጌቶቼ፣ የእናንተ ሰው፣ ሉካስ፣ ምንም አልነገራችሁም?”

“ሉካስ ማን ነው?”

መኪናው አቧራውን ትቶባቸው ሄደ። ባሉበት እንደ ቆሙ ሙህሲን፣ ላስቲክና ቆርቆሮ እየገዛ ወደ ደሴ የሚጭነው ቆራሌው፣ አይሱዙውን አጠገባቸው አቆመ። በመስኮቱ እጁን ዘረጋ።

“ጋሼ፣ ይቺ ድርሻዎ ናት። የገንዘብ ማውጫ ካርዱ እዚህ ባንክ አልሠራ ብሎት፣ የደሴ መሳፈሪያ እንኳ አልነበረውም፤ አብረውት የለቀሙትን ለእኔ ሸጦ ሄደ። ‘ለዚያ ለደጉ አባባ’ ብሏል፣ ወላሂ።”

ወጪ፦ የክፍሉ ኪራይ፣ ለአስካለ ሁለት መቶ፣ አንድ ሸሚዝ፣ ግማሽ ሚሊዮን። ገቢ፦ ሠላሳ ብር።