የአማቷ ዝምታ

ቀራንዮ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ የኮንትራት ታክሲው ቀጥ ባለበት ምጡ እንደገና መጣ። ከትሕትና ወገብ ተነስቶ በሁለቱም ጎኗ ዞረና፣ ሆዷ ላይ ሲደርስ አንድ ሰው መቀነት አዙሮባት ባለ በሌለ ኃይሉ የሚጎትት ይመስል ጠፈራት። ሲለቃት ምንም እንዳልነበረ ሆነ። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ ይሄ ጸጥታ ከሕመሙ ይበልጥ አስፈራት።

አማቷ እጇን ይዘው ከንፈራቸውን ገጥመዋል። ሴት ባማጠች ቁጥር «ማርያም፣ ማርያም!» ሲሉ የኖሩ ናቸው፤ ዛሬ ግን ምራታቸው ጴንጤ ናትና ይሉኝታ ይዟቸዋል። ትሕትና በሹክሹክታ «ጌታ ሆይ» አለች።

የሚቀጥለው ሲመጣ አጥንቷ የተሰነጠቀ መሰላት። የአማቷን ነጠላ ጨምድዳ ወደ ራሷ ሳበቻቸው።

«እማማ፣ ምን ዝም ይላሉ! እኔ ጌታን እየጠራሁ ነው፤ እርስዎም ማርያምን ይጥሩልኝ እንጂ!»