ጠርዙ የጨለመ ሌንስ

ሞገስ በሐይቅ ዳሯ ከተማ ፒያሳ ፎቶ ቤት ከከፈተ ጀምሮ የሚሠራው በአንድ ጀርመን ሠራሽ ሌንስ ነበር። በእሱ ያነሳው የመጀመሪያው ፎቶ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። አባቱ በትር ጨብጠው ይሄዳሉ፤ የበትሩን ሌላ ጫፍ ሴት ልጃቸው ይዛ ትመራቸዋለች። ሰው ስለ ፎቶው ሲጠይቀው «እንዲህ ከመሆንስ ሐይቁ ውስጥ መግባት ይሻላል» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሌንሱ ታመመ። በካሜራው ማያ ሲታይ ዙሪያው ጠቆረ። አንዲት ሙሽራ የሠርግ ፎቶዋን ይዛ መጣችና እናቷን ለምን ከግማሽ እንደቆረጣት ጠየቀችው። ሞገስ የሐይቁ እርጥበት መስታወቱ ላይ ሻጋታ እንዳበቀለ ነገራት። ሚስቱ ጥሩወርቅ ለዓመታት አብራው ፎቶ ስታጥብና ስታስተካክል የኖረች ናት። እሷም በሌንሱ አየችና አዎ፣ ሻጋታ ነው አለች።

ያ ክረምት ለእሱም አልተመቸውም። ራሱን ያመው ነበር። የባጃጅ ሾፌሮች ጥሩምባ መንፋት ትተዋል እያለ ያማርር ጀመር፤ አንዱ ክርኑን ገጭቶት አልፏል። ጎረቤቶቹ ደግሞ ሞገስ ኮራ፣ አጠገባችን እያለፈ ሰላም አይለንም ይሉ ነበር። ጥሩወርቅ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ አንድ ብልቃጥ መድኃኒት አዘዘለትና አወሳሰዱን ሊያስረዳት እሷን አስቀራት። ሞገስ ውጭ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ ለራስ ምታት ይሄ ሁሉ ማብራሪያ ምንድን ነው እያለ አጉረመረመ። ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

የድሮ ሌንስ በኢንተርኔት በጨረታ እንደሚሸጥ የነገረው ክብሩ ነው። ክብሩ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቡሹሎ ተወልዶ ያደገ፣ እዚያው ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ያለው፣ እሁድ እሁድ በጸሎት ቤቱ የሚዘምር ወጣት ነው። ከዚህ ሆኖ መክፈል ስለማይቻል፣ ጀርመን ያለችው እህቱ ሮሆቦት ትከፍላለች፤ ዕቃውን በመንገደኛ ትልካለች። ክብሩ አስቀድሞ አስጠንቅቆታል። ሻጭ የሚያሳየው ማሳየት የሚፈልገውን ጎን ነው፤ ሻጋታ በፎቶ አይወጣም፤ የተሸጠም አይመለስም። ሞገስ ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ የሚያብረቀርቀውን መረጠ።

ሌንሱ በልጅ ካልሲ ተጠቅልሎ መጣ። ሞገስ ካሜራው ላይ ገጥሞ አየ። ዙሪያው ጥቁር ነው። ጥሩወርቅ ተቀብላው ረጅም ጊዜ አየችበትና ሻጋታ ነው አለች። ክብሩ ሻጩ አታሎናል ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከሌላ አገር፣ ከሌላ ሻጭ ሁለተኛ ሌንስ አሸነፉ። እሱ ደግሞ ባሰ።

«ሁለት ሻጭ፣ ሁለት አገር፣ አንድ ዓይነት ሻጋታ» አለ ሞገስ። «መሃል ላይ ያለው ሰው ግን አንድ ነው።»

ንጹሑን ለሌላ ሸጦ ቆሻሻውን ያቀብለኛል ብሎ ለፒያሳ ሁሉ አወራ። አንድ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ክብሩ ሲገባ «ኪራይ ሰብሳቢው መጣ» አለና ሰው ሳቀ። ስሙ በዚያው ተለጠፈበት።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ክብሩ ሁለቱንም ሌንስ ከመንገደኛው እንደተቀበለ ሳይፈታ እንዳመጣ ተናገረ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ከበደ ወደ ጥሩወርቅ ዞሩ።

«እኛ የመስታወት ነገር አናውቅም። የአንቺ ዓይን የሠለጠነ ነው። እስቲ ተናገሪ።»

ጥሩወርቅ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች «ሻጋታ አለው» አለች። እሷን መሐላ የጠየቃት የለም።

«እንግዲያው አንተ ልጅ፣ በገብርኤል ማልና ነገሩ ይለቅ» አሉ ጋሽ ከበደ።

«አልምልም ጋሼ። በእኛ ዘንድ መሐላ የለም። ያልኩት ግን እውነት ነው።»

«እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል?» አለ ሞገስ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ክብሩ ጥሩወርቅን አያት፤ እሷ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክብሩ ቤት የሚገባ ደንበኛ ጠፋ። ታፔላውን አውርዶ ወደ ቡሹሎ፣ ወደ አባቱ የበቆሎ ማሳ ሊመለስ ሆነ። በሚሄድበት ዕለት ቀደም ሲል በጨረታ ያሸነፉትን ሦስተኛ ሌንስ ይዞ የሞገስን በር አንኳኳ። የከፈተችለት ጥሩወርቅ ናት።

«እትዬ፣ ይሄን ሮሆቦት ራሷ ሻጩ ቤት ሄዳ፣ በመስኮት ብርሃን አይታ ነው የተቀበለችው። እርስዎም ይዩት። ንጹሕ ከሆነ ለጋሽ ከበደ አንድ ቃል ይበሉልኝ። ሌላ አልፈልግም፣ ስሜን ብቻ።»

እሺ አለችው። አመስግኗት ሄደ።

ሞገስ ጓሮ፣ ሐይቁ በሚታይበት በኩል ተቀምጦ ነበር። ጥሩወርቅ ያመጣችለትን ሌንስ በመዳሰስ ገጠመና ካሜራውን ወደ ውሃው አዞረ። ጨለማው ከዙሪያው ወደ መሃል ገፍቶ መጥቷል።

«ሌባ» አለ፣ ድምፁን ሳይጨምር። ካሜራውን ለሚስቱ አቀበላት።

ጥሩወርቅ አየች። በታንኳዎቹ ላይ የተከመረው መረብ ቋጠሮው አንድ በአንድ ይለያል። በግራ ጠርዝ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ አንገቱን ቀብሮ ቆሟል። በቀኝ ጠርዝ አንዲት ሴት ልብስ ትጨምቃለች፤ ከእጇ የሚወርደው ውሃ ሳይቀር ይታያል።

«እህስ?» አላት።

«ይሄም ሻጋታ ነው» አለችው፤ ከዚያም ራሱን ወደ ኋላ አስደግፋ፣ ለራስ ምታትህ ነው እያለች የምታደርግለትን ጠብታ በሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ጨመረችለት።