የአምበሏ ጉርሻ

ቡድኖች አሰልጣኝ መቅጠር ካቆሙ ወዲህ፣ ተጫዋቾችን የሚመራቸው ጆሯቸው ውስጥ የተቀበረ የማሽን ድምፅ ነው። ሥራውን የተቀማው ደርበው ይህን ድምፅ እንደ ጣውንት ይጠላዋል። ድሮ አምበሉን በእጁ ሳያጎርስ ቡድኑን ሜዳ አያስገባም ነበር።

ዛሬ አምበሏ የገዛ ልጁ ትርሲት ናት፤ ከሰዓት የፍጻሜ ጨዋታ አለባት። ምሳ ላይ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋላት። እሷ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ድምፁን ማዳመጥ ጀመረች። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ደግሞ ምን አለሽ?» አለ ደሙ ፈልቶ።

«አንድ ብቻ ፈቅዶልኛል። በል አጉርሰኝ አባዬ።»

«ለምን እሱ ራሱ አያጎርስሽም?»

«ኧረ አባዬ፣ እሱ እጅ የት አለው!»

ደርበው አጎረሳት። ጣቶቹን ሲጠርግ ግን፣ የማን እጅ እንደሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠረ።