ገጽ አርባ ሰባት

ምላጩ የሽማግሌው ጉሮሮ ላይ ሲደርስ እጇ ተንቀጠቀጠ። ሁልጊዜም እዚያች ቦታ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከምትኖርበት ሌክ ሲቲ ቤልቪው እሳቸው ቤት ድረስ በአውቶቡስ እየመጣች የምታጥባቸውና የምትላጫቸው እኚህ ጡረተኛ፣ ሠላሳ ዓመት ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ነበሩ። የጥገኝነት ይግባኟን ውድቅ ያደረጉት እሳቸው መሆናቸውን ያወቀችው ሥራ በጀመረች በሳምንቷ፣ የመድኃኒታቸው ብልቃጥ ላይ ስማቸውን ስታነብ ነው። ከአገር ትውጣ ከተባለ አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል፤ አልወጣችም። ማን እንደሆነች ካወቁ ለማስባረር አንድ ስልክ ይበቃል። ደግነቱ ሴት ልጃቸው ስትቀጥራት የነገረቻት ወረቀቷ ላይ የሌለውን የክርስትና ስሟን ነበር። ፊቷንም አይተውት አያውቁም፤ እሳቸው ዘንድ የቀረበው ወረቀቷ ብቻ ነው።

«እዚህ ጋ ስትደርሺ ምነው ትፈሪያለሽ?» አሉ ዳኛው።

«አልፈራሁም ሰር። ብቻ አይንቀሳቀሱብኝ።»

ምላጩን ልታለቀልቅ ስትንጠራራ እጅጌዋ ተሰበሰበ። ዳኛው ክንዷን ያዙ። አገሯ እስር ቤት ውስጥ በጋለ ብረት ስትተኮስ የቀሩባትን ጠባሳዎች በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«የይግባኝሽ ገጽ አርባ ሰባት» አሉ። «ሦስት ጠባሳ ይላል። አላመንኩም ነበር።»

ስልካቸው መስታወቱ ሥር ተቀምጧል። ሁለቱም አዩት። ከዚያ ዳኛው ስልኩን ሳያነሱ ክንዷን ለቀቁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አገጫቸውን ቀና አደረጉና ጉሮሯቸውን ሰጧት።