ከቁርስ በኋላ አንድ ፍሬ

ዶክተሯ የልጄን እጅ ገልብጣ ታያለች። የሌባ ጣቷንና የመሀል ጣቷን አንጓ ጫን ስታደርገው ልጄ ከንፈሯን ትነክሳለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከእኔ ጋር ልብስ ትሰፋለች፤ ሰሞኑን መቀሱ ከእጇ እየወደቀ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ።

«ቆዳዋ ድሮም እንዲህ ነበር?»

«ኧረ ቀይ ነበረች» እላለሁ። «ፀሐይ ሳይነካት፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጣ ነው የጠቆረችው። ደንበኞቻችን እንኳ አምሮባታል ይላሉ።»

«የወር አበባስ?»

ልጄ ወደ እኔ አታይም። «ካየሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

አንገቴን እደፋለሁ። ያኔ አርግዛ መስሎኝ ያላልኳት የለም። ምርመራው እርግዝና የለም ሲል እንኳ ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ዶክተሯ የምርመራውን ወረቀት ታነሳለች። እሷም ደክሟታል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን አትቸኩልም። «ሰውነቷ ውስጥ ብረት ከመጠን በላይ ተከማችቷል። ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ነው። ጣቷን የሚያማት፣ ቆዳዋን ያጠቆረው፣ የወር አበባዋን ያስቀረው እሱ ነው። ድካሙም እሱ ነው። ልብ ላይም ስለሚቀመጥ ልቧን ዛሬውኑ እናየዋለን። ከዚያ በየሳምንቱ ደም እየቀዳን እንቀንሰዋለን።»

«ደም? ደም አንሷት አይደል እንዴ የሚደክማት?»

«ማን ነው ያለው?»

«እኔ።»

ቦርሳዬን ከፍቼ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። የብረት ክኒን ነው። እኔ እሷን ሳረግዝ ደም አንሶኝ በዚሁ ነው የዳንኩት። ለልጄም ስምንት ወር ሙሉ፣ ከቁርስ በኋላ አንድ ፍሬ። ስትረሳ እየጮህኩ፣ እምቢ ስትል እየለመንኩ፣ በገዛ እጄ።

ዶክተሯ ጠርሙሱን አዙራ ታነባለች። አትቆጣኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ተይ በቃ እማዬ» ትላለች ልጄ። «አውቀሽ ነው?» ለመናደድም አቅም የላትም።

«ለእህት ለወንድምም ሊደርስ ይችላል» ትላለች ዶክተሯ። «ሌላ ልጅ አለዎት?»

«ታናሿ አለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።»

«እሷስ ይደክማታል?»

ዛሬ ጠዋት አልነሳም ብላ ስትገላበጥ «ደግሞ አንቺም ጀመርሽ?» ብያት ነው የወጣሁት። ከጠርሙሱ አንድ ፍሬ አውጥቼ ከሻይዋ አጠገብ አስቀምጬላታለሁ። ለእሷም ከጀመርኩላት ወር አልፎኛል።

ስልኬን ይዤ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። ለታናሿ እደውላለሁ።

«ክኒኑን ዋጥሽው?»

«የቱን ክኒን?» ትላለች። ይህን አነጋገሯን አውቀዋለሁ፤ ያጠፋችው ነገር አለ።

«እማዬ፣ እንዳትቆጪኝ» ትላለች። «አንድም ቀን ውጬው አላውቅም። ሁሉም ወፍራሙ ካልሲዬ ውስጥ አሉ።»

የመስኮቱን ደፍ እይዛለሁ።

«እሺ የኔ ልጅ» እላለሁ። «ልብስሽን ልበሺና ነይ። ሆስፒታል እህትሽ ጋ ነኝ፤ አንቺም ትመረመሪያለሽ።»