አገር ስጪኝ

«አሁኑኑ መልሺለት» ትለኛለች እናቴ፣ ክንዴን ቆንጥጣ። «የወንድምሽን አገር መልሺለት።»

«አይመለስም» እላለሁ። «የተሰጠ አገር አይመለስም። ሕግ ነው።»

ቀበሌው ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተቀምጠናል። ወንድሜ ጀማሉዲን ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጥቷል፤ በሶና ካልሲ የያዘች ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ በኔና በእናቴ ይስቃል። የሚወስዳቸው መኪና እዚያው ቆሟል። ሾፌሩ ሻይ ቤት ገብቶ ቁርሱን አልጨረሰም። አጠገባችን እትዬ ወርቅነሽ የልጃቸውን የሸሚዝ ቁልፍ እየፈቱ መልሰው ይቆልፋሉ። የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ የመኪናውን አፍንጫ ሸፍኖታል።

አገር የምንለው የእንቆቅልሹን ነው። ጠያቂ «እንቆቅልሽ» ይላል፣ ተጠያቂ «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ከጠፋው አገር ይሰጣል። ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ «እዚህ አገር ገብቼ ምን አጥቼ» እያለ ያገኘውን ይዘረዝራል፣ ተሸናፊውን ደህና አድርጎ ይሰድባል፣ በመጨረሻም መልሱን ይነግረዋል። ይሄ የማንም ቤት ሕግ ነው። በኛ ቤት ግን እኔ አንድ ጨምሬበታለሁ፤ ያልረገጡት አገር አይሰጥም።

ምክንያት አለኝ። ጀማል ቸር ነበር፤ ሐረርን ሲሰጠኝ፣ ጅማን ሲሰጠኝ ቅም አይለውም። «ሐረር ገብቼ ምን አጥቼ» እልና አፌ ይያዛል። ሐረር ምን እንዳለ በምን አውቄ? ባዶ አገር ምን ያደርግልኛል? ከሕጉ በኋላ ግን ጨዋታው ነፍስ ዘራ። ቢስቲማን ሲሰጠኝ ከነገበያዋ፣ ከዚያ ከተፋብኝ ያጎታችን ግመል ጋር ነው። ኮምቦልቻን የወሰድኩ ጊዜማ ጋቢዬን ጥዬ ፀሐይ ሞቅሁ፤ በደሴ ብርድ ቤታችን ተቀምጬ ላብ አለኝ፣ ወላሂ።

መቼስ የጀማል እግር ከዚያ አላለፈም። ቢስቲማ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ በቃ። ትናንት ደሴንም ወሰድኩበት፤ ባዶውን ቀረ።

«አውቆ እኮ ነው የሚሸነፍልሽ» ትላለች እናቴ።

«አይደለም። እንቆቅልሽ አይሆንለትም።»

ሌላ ጊዜ ለጨዋታችን ደንታ የላትም። «እናንተ ሥራ ፈቶች» ብላ ነው የምታልፈው። ዛሬ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ትልና፣ «መዲና፣ አገር የሌለው ሰው ወዴት ይመለሳል?» ትለኛለች።

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ግን ዝም ብዬ ብሰጠው የውሸት ነው የሚሆነው፤ በውሸት አገር ደግሞ ማንም አይመለስም። ሕጉ የሚፈቅደው አንድ መንገድ ብቻ ነው።

«ጠይቀኝ» እለዋለሁ።

«አሁን?»

«አሁን። ሾፌሩ እጁን እየታጠበ ነው።»

ጀማል ወደ ሻይ ቤቱ ያያል፣ ወደኔ ይዞራል። «እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልህ።»

«ሰው ሲወስድ፣ ሰው ሲመልስ ይውላል፤ እሱ ግን ከተኛበት አይነሳም።»

ይሄንማ ትናንት አፉን የፈታ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ጠያቂው ሳይጨርስ ነው የምመልሰው። መልሱ ምላሴ ላይ መጥቶ ድቅን ይላል። ጥርሴን እነክሳለሁ።

«አላውቅም።»

«አታውቂም?»

«አላውቅም አልኩህ። አታድርቀኝ።»

የገዛ ድምፄን እሰማዋለሁ። ጀማል ቢስቲማን የሰጠኝ ቀን «አላውቅም» ያለበት ድምፅ ነው። ኮምቦልቻንም እንደዚሁ። ትናንት ደሴንም። እናቴ ልክ ነበረች።

«እንግዲያው አገር ስጪኝ» ይላል።

«ቢስቲማ?»

«ግመሉ ይተፋል። አልፈልግም።»

«ኮምቦልቻ?»

«ሙቀት አልችልም።»

ይህ ሰው ልቤን ሊያፈርጠው ነው። ሾፌሩ መጥቶ በሩን እየከፈተ ነው። አንድ ወታደር ስም መጥራት ጀምሯል።

«ደሴን ሰጠሁህ።»

«ተቀበልኩ።»

ወዲያው ስሙ ይጠራል። እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ «አላህ ይመልስህ፣ በሰላም ግባ» ትለዋለች፤ ግንባሯን ስሟት ይሄዳል። መኪናው ላይ ሲወጣ ተከትዬ እሮጣለሁ።

«ግባ እንጂ» እለዋለሁ። «‹ደሴ ገብቼ› በል። ካልገባህ ጨዋታው አላለቀም። መልሱንም አልነገርከኝም።»

ከላይ ሆኖ አጎንብሶ ጭንቅላቴን ይነካኛል። «ስመለስ እገባለሁ» ይላል። «ያኔ ደህና አድርጌ ነው የምሰድብሽ።»

ሞተሩ ይነሳል። መኪናው ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይዞራል፤ ድምፁ ሳይርቅ እሱን ጉሙ ይሸፍነዋል።

ይኸው ዛሬም እዚያው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነኝ። የልጆቼ ልጆች ማታ ማታ ከበው «እንቆቅልሽ» ይሉኛል። ሲወስድ ሲመልስ የሚውለውን ሲጠይቁኝ «አላውቅም» እላለሁ፤ መልሱን የሚነግረኝ ሌላ ሰው ነው፤ እሱም ገና አልገባም። ይስቁብኛል። «አገር ስጪን» ይላሉ። ቢስቲማን እሰጣቸዋለሁ። ኮምቦልቻንም እሰጣቸዋለሁ።

«ደሴን ስጪን» ሲሉኝ ግን እምቢ እላለሁ። ደሴ የሰው ናት።