ሁለተኛው ሙከራ

ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው ትዝታው በየማታው ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጥና ጠዋት መልሶ ይጫንለታል። ትዝታ የሚያስቀምጥ አዲስ ኮድ ደግሞ በጻፈው ሰው ቤተሰብ ላይ ሳይሞከር አይለቀቅም፤ ሕጉ ነው። ስለዚህ ሶልያና ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈችውን ኮድ ይዛ አባቷ ቤት ሄደች። ትዝታቸውን አስቀመጠች፣ ከራሳቸው ላይ አጠፋች፣ ከዳታቤዙ መልሳ ጫነች።

«አባዬ፣ እኔ ማን ነኝ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሶልያና።»

እፎይ ብላ አለቃዋ ጋ ደወለች። «አልፏል።»

«እንግዲያው ሰማንያ ላለፋቸው ስድስት ሺ ሰዎች ልልቀቀው» አላት።

እሺ ልትል ስትል አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የመሥሪያ ቤት ባጅ አየች። ስሟ በትልቁ ተጽፎበታል።

«ቆይ፣ እንዳትለቀው።»

ባጁን አውልቃ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። የአባቷን ትዝታ እንደገና አጠፋች፣ እንደገና ጫነች።

«አባዬ፣ እኔ ማን ነኝ?»

አባቷ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ወንበሩን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ እሷ አስጠጉላት።

«ይቀመጡ» አሉ በትሕትና። «ልጄ ሶልያና አሁን ከሥራ ትመጣለች።»